የብስኩት ቆርቆሮው እስረኞች

ባሌ ኦርቪን ካልሲ መምረጥ አያውቅም። አንዱን ጥቁር አንዱን ቡናማ አጥልቆ ቤተ ክርስቲያን የፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ ያውቃል። ምግብም አይመርጥም፤ ጨው የረሳሁበትን የድንች ሾርባ ሁለት ሳህን ጠጥቶ "እጅሽ ይባረክ" ብሎኝ፣ በኋላ ራሴ ቀምሼ ነው ያፈርኩት። ሠላሳ አራት ዓመት የካውንቲውን ግሬደር ሲነዳ፣ በበጋ የጠጠር መንገድ ሲደለድል፣ በክረምት በረዶ ሲጠርግ፣ አንድ ቀን እንኳ "ይሄ ማሽን ይሻለኛል፣ ያኛው አይመቸኝም" ብሎ አያውቅም። የሰጡትን ነዳ።

እኔንም ቢሆን አገኘኝ እንጂ አልመረጠኝም። የትምህርት ቤት አውቶቡስ እነዳ ነበር። ከሌድፎርድ ወደ ሰሜን በሚወስደው መንገድ በረዶ ውስጥ ተቀርቅሬ፣ አሥራ አንድ ልጆች እያለቀሱብኝ፣ ግሬደሩን እያንጓጓ መጣ። ጎትቶ አወጣን። "ነገም በዚህ በኩል ነሽ?" አለኝ። በሦስተኛው ሳምንት ተጋባን። አልመዘነኝ፣ አልለካኝ፣ ወደ መብራት አንስቶ አላየኝ።

ይህን የምነግራችሁ ቂም ይዤ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ይዣለሁ። ቀለሃ ሲመርጥ ብታዩት እናንተም ትይዙ ነበር።

እኛ አገር በሺህ ያርድ ዒላማ የሚወዳደር ሰው ጥይቱን ከሱቅ አይገዛም፤ ቤቱ ተቀምጦ ይሠራል። ባዶ የናስ ቀለሃ ያነሳል፣ ከመቀመጫው፣ ከታች በኩል፣ ባሩዱን የምታቀጣጥለውን መለኮሻ ይሰካል፣ ባሩድ መዝኖ ይጨምራል፣ አፉ ላይ አረሩን ይተክላል። ሲተኩስ አረሩ ሄዶ ይቀራል፣ ባሩዱም ነዶ ያልቃል፤ ቀለሃው ግን እጅ ላይ ይመለሳል። ይታጠባል፣ ይስተካከላል፣ እንደገና ይሞላል፤ አሥር ጊዜ፣ አሥራ አምስት ጊዜ። ስለዚህ እነዚህ ሰዎች ጥሩ ቀለሃ ካገኙ እንደ ሚስት ነው የሚንከባከቡት ልል ነበር፤ ግን እኔ እንደዚያ ሆኜ አላውቅም።

ኦርቪን በየክረምቱ መቶ አዲስ ቀለሃ ያስመጣል። ሁሉም ከአንድ ፋብሪካ፣ ባንድ ላይ የወጡ፣ መንትያ የሚመስሉ። ለእኔና ለእናንተ መቶውም አንድ ናቸው። ለእሱ አይደሉም። የወጥ ቤቴን ጠረጴዛ ይይዝና አንድ በአንድ ይመዝናቸዋል። ሚዛኑ የመስታወት ሳጥን ውስጥ ያለ፣ ትንፋሽ የሚያናውጠው ነገር ነው።

"ዴልፋ፣ በሩን ቀስ!"

"የገዛ ወጥ ቤቴ እኮ ነው!"

"ያው ቀስ ብለሽ ግቢበት። ቁጥሩ እየዋለለብኝ ነው።"

ከክብደቱ ቀጥሎ የአንገቱን ውፍረት ዙሪያውን ይለካል። ከዚያ ይንገዳገድ እንደሆነ ለማየት መስታወት ላይ ያንከባልለዋል። ከዚያ ወደ መብራት አንስቶ፣ እሳቱ የሚያልፍባት ትንሽ ቀዳዳ መሃል መሆኗን በአንድ ዓይኑ አጮልቆ ያያል። "ይቺ ከብዳለች።" ወደ ግራ። "ይቺ አንገቷ በአንድ በኩል ሳስቷል።" ወደ ግራ። "ይቺ… ይቺስ…" ብሎ ዝም ሲል እኔም ማንኪያዬን ይዤ ተስፋ አደርጋለሁ። "ኤዲያ!" ወደ ግራ። መጋቢት ሲጠባ ከመቶው አርባ ቢተርፉለት ነው። የወደቁትን ስልሳ፣ ከአምናዎቹም የተረፉትን፣ አይዳሆ ያለ አንድ ወዳጁ ይወስዳቸዋል፤ እሱ የተባረከ ሰው፣ የመጣለትን ይተኩሳል።

ይሄ ሁሉ ጣጣ ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። የተኩስ ክበባችን ቤት ግድግዳ ላይ አንድ የዋልነት እንጨት ሰሌዳ አለ። ከሺህ ያርድ ሃያ ጥይት ተኩሶ ሃያውንም አሥር ያስቆጠረ፣ ማለትም ሁለት መቶ ከሁለት መቶ ያመጣ ሰው፣ ስሙ በጋለ ብረት እዚያ ላይ ይጻፋል። ሰባት ስም አለ። አንዱ የሮይስ ነው፤ ሮይስ የኦርቪን የልጅነት ጓደኛ፣ ምላሱ የማያርፍ ሰውዬ ነው። የኦርቪን ስም የለም። ኦርቪን በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ መቶ ዘጠና ዘጠኝ አምጥቷል። ሦስት ጊዜ! ሦስቴም አንድ ጥይት ከመስመሩ በጣት ስፋት ወጥታ ዘጠኝ ሆነች።

ጥፋቱስ የማን ነበር? የቀለሃው ነዋ! ባሌ ገር ነው፣ ደግ ነው፣ በሌላ ነገር ሁሉ ጥፋቱን ያምናል፤ አጥሬን በግሬደር ሲንድብኝ ራሱ ነው መጥቶ የነገረኝ። ተኩስ ላይ ግን አንድ ቀን "እኔ ነኝ" ብሎ አያውቅም። ጥይቱ ከሳተ፣ ቀለሃውን ከመቀርቀሪያው አውጥቶ መቀመጫውን አፍጥጦ ያየዋል። ከደረት ኪሱ ቀይ እስክሪብቶ ያወጣል። መቀመጫው ላይ አንድ ቀይ መስመር ያሰምርበታል። "ይሄ ነው" ይላል። ቤት ሲመጣ ያን ቀለሃ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ይጥለዋል። ቆርቆሮውን "እስር ቤት" ያልኩት እኔ ነኝ። ሮይስ ሰምቶ ለአገሩ አዳረሰው።

"ኦርቪን፣ ዛሬ ስንት አሰርክ?" ይለዋል ከውድድር በኋላ።

"ሁለት።"

"ነፋሱን ግን አንዴ እንኳ አላሰርከውም እኮ!"

ኦርቪን ጆሮ ዳባ ልበስ ነው።

ባለፈው መስከረም ከከተማ የዓይን ሐኪም ስንመለስ መኪናውን እኔ ነዳሁ። የሚያነጣጥርበት ቀኝ ዓይኑ ከመሃሉ እየጠፋ ነው። ሐኪሟ "የሚመጣውን በጋ ምናልባት፤ ከዚያ በኋላ ግን ጠመንጃም መኪናም ይርሱ" ብላዋለች። ሠላሳ ማይል ከሄድን በኋላ "እንግዲህ አንድ ሰኔ ቀረኝ" አለ። አንጀቴን በላው። የሰኔው ውድድር ማለቱ ነበር። ሰሌዳውን ማለቱ ነበር።

እንደዚያ ክረምት አጥብቆ መርጦ አያውቅም። አርባዎቹን ለይቶ ሲጨርስ እያንዳንዳቸውን በስም የሚያውቃቸው ይመስል ነበር። ቁጥሩን ማንበብ ሲያቅተው እንኳ አልጠራኝም፤ በአጉሊ መነጽር እየታገለ ለብቻው ጨረሰው። ሚያዝያና ግንቦት አንድ አንድ ጊዜ ተኮሰባቸው፣ ከጠመንጃው ጋር ተላመዱ። ከዚያ ለውድድሩ አጠባቸው።

አሁን ጥፋቴን ስሙ።

የታጠበ ቀለሃ መድረቅ አለበት። ፀሐይ ካለ በረንዳ ላይ ይሰጣል። የዚያን ሳምንት ግን ዝናብ ነበር፤ ስለዚህ እንደ ልማዱ በዳቦ ትሪ ደርድሮ ኦቨኔ ውስጥ፣ ለብ ባለ ሙቀት ላይ ከተታቸው። ለዚህ በቤታችን ሕግ አለን፤ ኦቨኑ ውስጥ ቀለሃ ካለ እጀታው ላይ ሰማያዊ ጨርቅ ይንጠለጠላል። ሃያ ስድስት ዓመት የቆየ ሕግ ነው። እሱም አንጠልጥሎ ነበር። ሐሙስ ጠዋት ከሮይስ ጋር ዒላማ ሊተክሉ ወደ ሜዳው ሄዱ።

እህቱ ኢርማ የእሁዱን ውድድር ልታይ ዓርብ ትመጣለች። ኢርማ እኮ ገና "እንደምን ዋላችሁ" ሳትል ጣቷን መደርደሪያ ላይ የምታስኬድ ሴት ናት! ስለዚህ ከንጋቱ ጀምሬ እንደ እብድ እጠርግ ነበር። ያገኘሁትን ጨርቅ ሁሉ ሰብስቤ ልብስ ማጠቢያው ውስጥ ጨመርኩ። ሰማያዊውንም። ከዚያ የኦቨኑን የማጽጃ ቁልፍ ተጫንኩ።

ኦቨናችን ራሱን በራሱ የሚያጸዳ ነው። ቁልፉን ስትጫኑት በሩን ይቆልፍና፣ ምንም ምግብ በማይጋገርበት ሙቀት ውስጡን አግሎ ቅባቱን ሁሉ አመድ ያደርገዋል። እስኪቀዘቅዝ ድረስ አይከፈትም። አንድ ሰዓት ያህል ካለፈ በኋላ ልብሱን ላወጣ ሄጄ ሰማያዊው ጨርቅ እጄ ላይ ተንጠለጠለ።

ክው አልኩ። ጨርቁን እንደያዝኩ ሮጥኩ። እጀታውን ጎተትኩ፤ አይሞከርም። በመስኮቱ ልመለከት አልኩ፤ የውስጡ አምፖል ከተቃጠለ ዓመቱ ነው፣ ኦርቪን "እቀይራለሁ" እያለ። ማጥፊያውን ተጫንኩ፤ በሩ ወይ ፍንክች። ገመዱን ከግድግዳ ነቀልኩ፤ ጭራሽ ብሶበት ተቆለፈ። መልሼ ሰካሁት። ከዚያ ወለሉ ላይ ተቀምጬ አንድ ሰዓት ተኩል ኦቨን ስለማመጥ ኖርኩ። "እባክህ፣ ክፈት" እለዋለሁ። "አንተ የማትረባ ቆርቆሮ" እለዋለሁ። ሁለቱንም አልሰማም።

ሲከፈት አርባዎቹ ጠቁረው፣ ሰማያዊና ወይን ጠጅ ሆነው ተቀምጠዋል።

ከዚያ ላደረግኩት ፈጣሪ ይቅር ይበለኝ። ወደ ጓዳ ይዣቸው ሄድኩና፣ በተፈጨ የበቆሎ ቆረቆንዳ የሚያሽከረክረው ማጽጃ ገንዳ ውስጥ ጨመርኳቸው። ሦስት ሰዓት አሽከረከርኳቸው። ወርቅ መስለው ወጡ። ትሪው ላይ ደረደርኳቸው፣ ሰማያዊውን ጨርቅ እጀታው ላይ አንጠለጠልኩ። ኦርቪን አመሻሽ ላይ ገባና አንዱን አንስቶ በደህናው ዓይኑ አየው።

"እንዴት አምረዋል እናንተ!"

"አዎ" አልኩ።

የማላውቅ ብሆን እኮ ደግ ነበር። ግን ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ እራት በበላን ቁጥር ሰምቼዋለሁ። የቀለሃ አንገት መለዘብ አለበት፤ ለዚህም በትንሽ የእሳት ምላስ ያሞቀዋል። መቀመጫው ግን እሳት ማየት የለበትም፤ የባሩዱን ግፊት የሚችለው እሱ ነው። መቀመጫው ከለዘበ፣ ሲተኮስ ይነፋል፣ ይቀደዳል፤ እሳቱና ጋዙ ወደኋላ፣ ተኳሹ ፊት ላይ ይመጣል። በዓይን አይታይም፣ በሚዛን አይታወቅም። የኔዎቹ አርባ ወርቆች ከአንገት እስከ መቀመጫ ቅቤ ሆነዋል።

ዓርብ ከምሳ በኋላ ሊሞላ ተቀመጠ። እኔ ሳህን አጥባለሁ። አንዱን ሳህን ሦስት ጊዜ አጠብኩት መሰለኝ። ከኋላዬ መለኮሻ ሲሰካ እሰማለሁ፤ ቀጭ፣ ቀጭ።

"የዛሬው እንዴት ቀለለኝ" አለ። "ያለ ትግል ይገባል።"

የቀለለው መቀመጫው ቅቤ ስለሆነ ነው። የባሩዱን ማንቆርቆሪያ ሲያነሳ ሰማሁ።

"ኦርቪን፣ አስቀምጠው።"

"ምኑን?"

"አስቀምጠው አልኩህ! አቃጥያቸዋለሁ። ኦቨኑን ሳጸዳ ውስጡ ነበሩ። ጨርቁን አጥቤው ነው። ከዚያ አሽከርክሬ አጸዳኋቸው፣ ልደብቅህ። ስትመርጣቸው የከረምካቸውን፣ ሁሉንም፣ አርባውንም…"

ከዚያ ወዲያ ያልኩት ልቅሶ እንጂ ወሬ አልነበረም።

ኦርቪን ማንቆርቆሪያውን አስቀመጠ። ተነስቶ ፒንሳ አመጣ። መለኮሻ ካልገባባቸው አንዱን መቀመጫው ላይ ይዞ ጨመቀው። ደህና ቀለሃ እጅ እስኪያም ቢጨምቁት አይበገርም። ያ እንደ ጥርስ ሳሙና ቱቦ ገባለት። ከዚያ የተሰኩትን መለኮሻዎች በጥንቃቄ አወጣ፣ ትሪውን አነሳ፣ ወደ ጓሮው መጋዘን ሄደ። የመዶሻ ድምፅ መጣ። ሌላ ሰው ሳያውቅ አንስቶ እንዳይተኩስባቸው አንድ በአንድ እየጠፈጠፋቸው ነው። እኔም እየቆጠርኩ በየመዶሻው እሳቀቃለሁ። አርባ።

ተመልሶ መጣና በሩ ላይ ቆመ።

"አንድ ዓይን ነበር የቀረኝ" አለ። "እሱን አተረፍሽልኝ።"

"ተሳደብ ባክህ! ደህና አድርገህ ስደበኝ፣ ይውጣልኝ!"

"በምን ልስደብሽ? እኔስ አምፖሉን ለምን አልቀየርኩም?"

ያኔ ነው ጭራሽ የባሰብኝ። አንዳንድ ሰው ሲቆጣ ይሻላል።

አመሻሽ ላይ ኢርማ መጣች። ካፖርቷን ሳታወልቅ ወጥ ቤት ገባች፣ ጣቷን መደርደሪያው ላይ አስኬደች፣ የኦቨኑን በር ከፈተች።

"ዴልፋ!" አለች። "ይሄ ኦቨን እንዴት ያበራል! ምን አድርገሽበት ነው?"

ኦርቪን በሳቅ ወንበሩ ላይ ተደፋ። እኔም ሳቅና ለቅሶ ተቀላቀለብኝ። ኢርማ ሁለታችንንም እያየች "ምን ሆናችኋል? ጠጥታችኋል እንዴ?" አለች።

ቅዳሜ ጠዋት ሮይስ ወሬውን ሰምቶ የራሱን ቀለሃ ሙሉ ሳጥን ይዞ ደረሰ። ግን የሮይስ ጠመንጃ ሌላ ዓይነት ነው፤ ቀለሃው ለኦርቪን አይገባም። ያንን እያወቀ ነው ይዞት የመጣው፤ ባዶ እጁን መምጣት አልቻለም። የኦርቪን ዓይነት ቀለሃ ያለበት ቅርብ ሱቅ የዘጠና ማይል መንገድ ነው፤ ደውለን "ከሚያዝያ ጀምሮ አልገባልንም" አሉን። አይዳሆ ያለው ወዳጁም የወሰዳቸውን ሁሉ ቆርጦ ለሌላ ዓይነት ጠመንጃ ሠርቷቸዋል።

"እንግዲህ ውድድሩ ይቅር" አልኩ።

ኦርቪን መደርደሪያውን ቀና ብሎ አየ። የብስኩት ቆርቆሮውን አወረደና ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈው። የሠላሳ አንድ ዓመት እስረኛ ሁሉ መቀመጫው ላይ ቀይ መስመር እንደተሰመረበት ተበተነ።

"ምሕረት ወጣ!" አለ ሮይስ። "እሰይ! ነፃ ልትለቃቸው ነው?"

"ምን ምርጫ አለኝ" አለ ኦርቪን። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ "ዴልፋ፣ ቁጥሩ አይታየኝም። ታነቢልኛለሽ?"

በትዳር ዘመናችን የዚያን ቀን ነው መጀመሪያ ሚዛኑ ፊት ያስቀመጠኝ። እሱ ቀለሃውን በጣቱ ዳብሶ ይሰጠኛል፣ እኔ ትንፋሼን ይዤ አነባለሁ። መለኮሻ መሰኪያው የላላውን እሱ በእጁ ብቻ ያውቀዋል፤ "ይቺ አርጅታለች" ብሎ ይጥላል። የአንገቱን ውፍረት እኔ እለካለሁ። እያንዳንዱን እስረኛ ሲያነሳ ወንጀሉን ያስታውሰዋል፤ ጠመንጃው መቀመጫው ላይ የተወውን ጭረት በጥፍሩ ፈልጎ።

"ይቺ የሦስተኛው መቶ ዘጠና ዘጠኝ ናት። ወደ ቀኝ ወሰደችብኝ። ይቺ ደግሞ ቢሊንግስ ውድድር ላይ፣ አሥራ ስድስተኛው ጥይት…"

"የጋብቻችን ቀን መቼ ነው?"

"እ… ጥቅምት?"

"የካቲት ነው አንተ ሰውዬ! በረዶ ውስጥ ነው ያገኘኸኝ!"

"እሱን እማ አልረሳም" አለ። "አንገትሽ ላይ ቢጫ ሻርፕ ነበረሽ።"

ጌታዬ ሆይ፣ እንዲህ ሲል ምን ይባላል? ቀጣዩን ቁጥር ሁለት ጊዜ አሳስቼ አነበብኩ።

በሦስት ሰዓት ሥራ ሃያ አራት መረጥን። አይመጣጠኑም። ክብደታቸው የተራራቀ፣ የተለያየ ዓመት ልጆች ናቸው። ኦርቪን በዚያ ክረምት ቢሆን ኖሮ ሃያ አራቱንም ወደ ግራ ይወረውራቸው ነበር። አንገታቸውን በእሳት አለዘበ፣ አስተካከለ፣ ሞላ። ማታ ስንተኛ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ እጄን ያዘ።

እሁድ ሰማዩ ጠርቶ ዋለ። ሜዳው ላይ ከእኛ እስከ ዒላማው ድረስ የነፋስ ባንዲራዎች ተተክለዋል። ተኳሹ በሆዱ ይተኛል፣ ጠመንጃውን በጠፍር ከክንዱ ጋር ያስራል፤ ከኋላው ነጥብ ያዥ ይቀመጣል። ለኦርቪን ነጥብ የያዘው ሮይስ ነበር። ነጥብ ያዡ ቁጥር ብቻ ይጠራል፤ ስለ ነፋስም ሆነ ስለ ሌላ ነገር ለተኳሹ አንዲት ቃል መተንፈስ ክልክል ነው። እኔ ከሮይስ ጎን ተቀምጬ ትልቁን መነጽር ይዣለሁ። ኢርማ ዣንጥላ ይዛ ከኋላ ናት።

ሁለት መሞከሪያ ተኮሰ። ከዚያ ተጀመረ።

"አሥር" አለ ሮይስ። "አሥር። አሥር።"

እያንዳንዱ እስረኛ ሲወጣ ኦርቪን ቀስ ብሎ ሳጥኑ ውስጥ ይመልሰዋል። "አሥር።" ስምንት ሆኑ። አሥራ ሁለት ሆኑ። የሮይስ ድምፅ እየሰለለ መጣ። ሌሎቹ ተኳሾች ጨርሰው ቀስ በቀስ ከኋላችን ተሰበሰቡ። አሥራ ሰባት ላይ ዒላማውን ማየት አቃተኝ። መነጽሬን አዞርኩና፣ መሃል ላይ፣ ስድስት መቶ ያርድ ላይ ያለውን ቢጫ ባንዲራ ብቻ ማየት ጀመርኩ። ዒላማውን ሳይ ልሞት ስለሆነ ነው እንጂ ለሌላ አይደለም።

"አሥር" አለ ሮይስ። "አሥራ ዘጠነኛው፣ አሥር።"

አንድ ቀረ። ኦርቪን ተነፈሰ። ባንዲራው ቀጥ ብሎ ተወጥሮ ይውለበለባል። ዓይኔን አልነቀልኩም። ተኩሱ ጮኸ። ባንዲራው እንደተወጠረ ነው።

ዒላማው ነጥቡ ሊታይ ወደ ጉድጓዱ ወረደ። ወጣ። ሮይስ ዝም አለ። ካወቅኩት ጀምሮ ዝም ብሎ አይቼው አላውቅም።

"ዘጠኝ" አለ በመጨረሻ።

ከኋላችን አንድ ሰው በረጅሙ ተነፈሰ። መቶ ዘጠና ዘጠኝ። አራተኛው፣ የመጨረሻው። ያ ትሪ፣ ያ ጨርቅ፣ እነዚያ አርባ ወርቆች። የእኔ እጅ ነው ይህን ያደረገው አልኩ በልቤ። ኦርቪን መቀርቀሪያውን ከፍቶ ቀለሃውን አወጣ። ገና ትኩስ ነው። መቀመጫውን ገልብጦ አየው፤ የድሮው ቀይ መስመር አለበት። እጁ ወደ ደረት ኪሱ ሄደ። ሁላችንም ቀዩን እስክሪብቶ ጠበቅን።

አወጣው። ግን አልከፈተውም። በጉልበቱ ተደግፎ ቁጭ አለ።

"ቀለሃው ምንም አላጠፋም" አለ። "ነፋሱ ሲያርፍ፣ የስድስት መቶው ባንዲራ ሲወድቅ አይቻለሁ። እያየሁ ቸኮልኩ። እኔ ነኝ።"

"ኦርቪን" አለ ሮይስ፣ "አሞሃል እንዴ?"

"ደህና ነኝ። እኔ ነኝ ያጠፋሁት።"

ደሜ ፈላ። "ሠላሳ አንድ ዓመት!" ብዬ ጮህኩ፣ ያ ሁሉ ሰው ፊት። "ሠላሳ አንድ ዓመት ወጥ ቤቴን ያዝክ፣ በር ቀስ አልከኝ፣ አንድ ቀን እኔ ነኝ አላልክም! ዛሬ ነው ትዝ ያለህ?"

"ዛሬ ነው" አለ። እስክሪብቶውን ሰጠኝ፣ ከዚያ የቀኝ እጁን አውራ ጣት ዘረጋልኝ። "በይ፣ ወንጀለኛውን አንቺው አስምሪበት።"

ሰው ሁሉ ሳቀ። ኢርማ እንኳ ሳቀች። እኔም ክዳኑን ከፍቼ፣ ጥፍሩ ላይ አንድ ቀይ መስመር አሰመርኩ።

ስሙ ሰሌዳው ላይ የለም፤ አይኖርምም። ጠመንጃውን ሸጠው። በሳምንቱ ቆርቆሮውን አውርዶ፣ አሮጌ ጨርቅ ቤንዚን አስነክሮ የእስረኞቹን ቀይ መስመር አንድ በአንድ ጠርጎ ለክበቡ ሰጣቸው። አንዱን ብቻ አስቀረሁ፤ ሃያኛውን። የወጥ ቤቴ መስኮት ላይ ቆሟል። አምፖሉም ተቀይሯል። ጥፍሩ ላይ ያለውን ግን ውሃ እየሸሸ ሁለት ሳምንት አቆየው፤ ቤተ ክርስቲያን ሳይቀር ካልሲው ሳይገጥም፣ አውራ ጣቱ ቀይ ሆኖ ተቀመጠ።

ባንዲራው አልወደቀም ነበር። ዓይኔን ሳልነቅል እያየሁት ነበር። እሱም ደህናውን ዓይኑን ጨፍኖ ሲያነጣጥር፣ በዚያ በታመመው ዓይኑ ከጠመንጃው ማጉያ ውጭ ያለን ባንዲራ ከነጭራሹ ሊያየው አይችልም። ይህን አልነገርኩትም፣ አልነግረውምም፤ እናንተም ስታገኙት ዝም በሉልኝ።